የሃምሳ አለቃ ሪስክ ሰሌዳ

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ዳር የሰፈረው የምህንድስና ክፍል ሰማንያ ወታደር፣ አንድ ግሬደር፣ ሁለት ገልባጭ መኪና፣ አንድ አሮጌ አምቡላንስና አንድ ሰሌዳ ነበረው። ግሬደሩ በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፤ አምቡላንሱ ካልተገፋ አይነሳም፤ ሰሌዳው ግን አንድም ቀን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የግቢው በር ላይ ከባንዲራው ቀጥሎ ተተክሎ፣ በቀይ መደብ ላይ በነጭ ቀለም «ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት» ይላል። ከጽሑፉ ሥር ሦስት ሚስማሮች አሉ፤ በየሚስማሩ ከላሜራ የተቆረጠ ቁጥር ይንጠለጠላል። ቁጥሩን በየማለዳው የሚቀይረው ሃምሳ አለቃ ሀብተ ማርያም ነው። ለሌላ ሰው አይሰጥም። መሰላሉን የሚይዝለት ወታደር እንኳ ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ ይመደባል።

ሀብተ ማርያም የክፍሉ የሕክምና ረዳት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አርባ ምንጭ ሄዶ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰደና አንድ ቦርሳ፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ቃል ይዞ ተመለሰ። የቦርሳው ዚፕ በሳምንቱ ተበላሸ፤ እስክሪብቶው ደረቀ፤ ቃሉ ግን እስካሁን አላለቀም። ቃሉ «ሪስክ» ነው፤ አደጋ ሊያመጣ የሚችል ነገር ሁሉ ማለት ነው። በሆድ መተኛት ሪስክ ነው። እየሄዱ የተጠበሰ በቆሎ መብላት ሪስክ ነው። አንድ ቀን ምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወጡ ውስጥ ያለው አጥንት ስንተኛ ደረጃ ሪስክ እንደሆነ ሲያስረዳ ወጡ ቀዘቀዘ፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ ስሙ «ሃምሳ አለቃ ሪስክ» ሆኖ ቀረ። ስሙን ሰምቷል። ደስ ብሎታል ብል አልዋሸሁም።

ከሁሉ በላይ የታወቀው ግን በጫማ ነው። የደቡብ ኦሞ ጊንጥ የወታደር ጫማ ይወዳል፤ ይሞቀዋል፣ ይጨልምለታል፣ ተነስ የሚለውም የለም። ስለዚህ በየማለዳው ሰልፍ ላይ ሀብተ ማርያም ደረቱን ነፍቶ «ጫማ… አራግፍ!» ይላል። ሰማንያ ሰው በባዶ እግሩ ቆሞ ጫማውን ይዘቀዝቃል፣ ሦስት ጊዜ ይደበድባል፣ ውስጡን ያያል፣ ያጠልቃል። መጀመሪያ ሰሞን ወደ ጂንካ ገበያ የሚሄዱ ገበሬዎች ቆመው ያዩ ነበር፤ የሆነ ጸሎት መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው የጠበቁም አሉ።

ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት አለ። ሀብተ ማርያም የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ገለባ አጭቆ፣ እጅና እግር ቀጥሎ አንድ በሽተኛ ሠርቷል። ወታደሮቹ ማዕረግ ሰጥተውት «ምክትል አስር አለቃ ገለባ» ይሉታል። ገለባ ያልደረሰበት አደጋ የለም፤ ተቃጥሏል፣ ተሰብሯል፣ ግሬደር ወጥቶበታል። የባሰው ግን ወታደር ያቤጽ ሲያክመው ነው። ያቤጽ ከጂንካ በላይ ካሉት የአሪ መንደሮች የመጣ፣ ላሜራ እንደ ወረቀት የሚቆርጥ ባለሙያ ልጅ ነው፤ ፋሻ ሲይዝ ግን እጁ ይከዳዋል። የእግሩን ደም አቁም ሲባል አንገቱን እያሰረ ገለባን ሁለት ጊዜ ገድሎታል።

«ያቤጽ፣» አለው ሀብተ ማርያም፣ «ይሄ ሰው አንተ ከምትረዳው ይልቅ ጠላት ቢማርከው ይሻለው ነበር።»

ይህ ሁሉ ለሌላው ሰው ቀልድ ነው። ለሀብተ ማርያም አይደለም። የሃያ ዓመት ወጣት ወታደር ሳለ ከዲመካ ሲመለሱ መኪናቸው ተገልብጦ የጓደኛው የዘሩባቤል ጭን በላሜራ ተቀደደ። ሀብተ ማርያም አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ያዘው። አይዞህ አለው። ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ዘሩባቤል አይዞህ እየተባለ ደሙ አለቀ። በኋላ አንዲት ነርስ «ቀበቶህን ፈትተህ ከቁስሉ በላይ ጠበቅ አድርገህ ብታስረው…» ብላ ጀመረችና ፊቱን ስታይ ዝም አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነርስ መሆን ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ አመለከተ፤ ሁለት ጊዜም መልስ ሳይመጣ ቀረ። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከአርባ በላይ አይቀበሉም።

አምና ታዲያ ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። ዓመት ሙሉ ያለ አንድ አደጋ የሠራ ክፍል ዋንጫ ይሸለማል፤ የክፍሉ የደኅንነት ተጠሪ የነርስነት ትምህርት ዕድል ያገኛል ይላል። ተጠሪው ሀብተ ማርያም ነው፤ ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበበና ቀለም ሊገዛ ወጣ። ሰሌዳው የተተከለው በማግስቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ተአምር ነው። አደጋ ጠፋ! የጉዳት መዝገቡ ባዶ፣ የፋሻው ሳጥን አቧራ የለበሰ። እርግጥ አንዳንድ ነገር ይታያል። የብየዳ ሠራተኛው ለሳምንት ጥቁር መነጽር አድርጎ ሰልፍ ወጣ፤ ሲጠየቅ «ፋሽን ነው» አለ። ሌላው ሲያነክስ ተገኘና ኳስ ቡድኑ ተሸንፎ እንደሆነ ተናገረ። የክፍሉ አዛዥ ሻምበል ልዑል ራሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቆሞ ነው የበላው፤ ለምግብ መፈጨት ጥሩ ነው ይላል። ከአጥሩ ጀርባ ሻይ ቤት ያላት ወይዘሮ እልፍነሽ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከቀይ አፈር ገበያ በጀሪካን የምታስመጣው ማር ቅዳሜ አይደርስም። ምነው ስትባል «ወታደሩ ማር ወደደ» ትላለች። ሀብተ ማርያም ይህን ሲሰማ በልቡ ኮራ፤ ስለ አመጋገብ ያስተማርኩት ገባቸው አለ። ሰው ማመን የሚፈልገውን ነገር ለማመን ማስረጃ አይቸግረውም፤ እሱም አልቸገረውም።

ቁጥሩ ሦስት መቶ ስድሳ ሲደርስ ከበላይ ጎብኚ እንደሚመጣ ተነገረ። ኮሎኔል ጥሩብርሃን ይባላሉ፤ ሴት ናቸው፣ ሐኪም ናቸው፣ የመጨረሻዋን ቁጥር በእጃቸው ይሰቅላሉ። ግቢው ተገለባበጠ። ድንጋዩ ኖራ ተቀባ፤ ገለባ አዲስ ዩኒፎርም ለበሰ፤ አዲሶቹ የሥራ ጓንቶች እንዳይቆሽሹ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ሀብተ ማርያም የድሮዋን አምስት ቁጥር ሲያያት ዝጋለች፣ ጫፏም ታጥፏል። ያቤጽን ጠርቶ አዲስ እንዲቆርጥ አዘዘው።

ያቤጽ በማግስቱ የሚያበራ አምስት ይዞ መጣ። ያቀበለው ግን በግራ እጁ ነው፤ ቀኝ እጁን ከኋላው አድርጎታል።

«ለታላቅ በግራ እጅ ይሰጣል? ማን ነው ያሳደገህ?» አለ ሀብተ ማርያም።

«ይቅርታ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ ያቤጽ፤ ቀኝ እጁን ግን አላመጣም። ሀብተ ማርያም ሥርዓት ስለጠፋበት ዘመን ትንሽ አጉረመረመና ቁጥሯን በጨርቅ መወልወል ጀመረ።

የጉብኝቱ ዕለት ሰሌዳው 364 ይላል። ሀብተ ማርያም ከሁሉም ቀድሞ ነቃ። ንግግሩን በቃሉ እየተለማመደ ፊቱን ታጠበ፣ ጸጉሩን አበጠረ፣ ትናንት በቀለም ሲያሸው ያመሸውን ጫማ ሳበ። «የተከበሩ ኮሎኔል፣ አደጋ ድንገት አይመጣም፤ ቸልተኝነት ሲጠራው ነው የሚመጣው…» እያለ ቀኝ እግሩን ሰደደ።

ጊንጡ እዚያው ነበር።

አልጮኸም። ቆቡን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ ክፍሉን ሦስት ጊዜ በአንድ እግሩ ዞረ። ከዚያ ጫማውን ሲያራግፈው፣ ሰማንያ ሰው በየቀኑ እንደሚያደርገው ሲያራግፈው፣ ቢጫ ጊንጥ ወደቀ። ገደለውና ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከትቶ ኪሱ አስገባው። ለምን እንዳስገባው ራሱም አያውቅም። አውራ ጣቱ እሳት ሆኗል፤ እሳቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይወጣል። ምን እንደሚደረግ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በሳሙና ታጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር ያዝበት፣ አትብጣ፣ አትምጠጥ፣ አትሰር፣ ወዲያው ሪፖርት አድርግ። ታጠበ። የሪፖርት ቅጹንም አወጣ። የተጎጂ ስም በሚለው ላይ «ሃምሳ አለቃ ሀ» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሦስት መቶ ስድሳ አራት ቀን! ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ፍራሹ ሥር ከተተው።

በረዶ ያለው እልፍነሽ ቤት ነው፤ የለስላሳ ፍሪጅ አላት። ሀብተ ማርያም በእግሩ ጫፍ እየረገጠ፣ ሰው ሲያይ እንደ ጤነኛ እየተራመደ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ። ስለዚህ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ የሪስክ ሪፖርት ጽፎበት ነበር፤ እንኳን አልተደፈነ አለ። በጓሮ በር ገብቶ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠ።

ጓዳው ውስጥ ዘጠኝ ወታደር ተደርድሮ ተቀምጧል። አንዱ ጣቱን ማር ጣሳ ውስጥ ነክሯል። አንዱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቁስሉ ላይ ማር ይቀባል። ባለመነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ቀዝቃዛ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ጥሏል፤ ፋሽኑ ዛሬም አገርሽቶበታል። ሁሉም ሃምሳ አለቃቸውን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፤ ግማሾቹ መነሳት አልቻሉም።

እልፍነሽ ዝቅ ብላ እግሩን አየች። አንድ ጫማ አድርጎ አንዱን በእጁ ይዟል።

«አንተም መጣህ?» አለችው። «በል ወረፋ ያዝ።»

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሀብተ ማርያም። ድምፁ እንደ ቁጣ ጀምሮ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ።

«ሰሌዳውን እንዳናበላሽብዎት ብለን ነው፣ ሃምሳ አለቃ» አለ ባለመነጽሩ ከጨርቁ ሥር። «ትምህርት ቤት ይግቡልን ብለን። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ነው የምንታከመው። እሷ ታጥባለች፣ ማር ትቀባለች።»

«እኔ የማውቀውን አደረግኩ፣» አለች እልፍነሽ፣ «ማሩ ለጭረት ይሆናል። ለዚያኛው ግን አልሆነም ብያቸዋለሁ። ሰምተው ነው?» በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተች።

ጥጉ ላይ ያቤጽ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሀብተ ማርያም እግሩን ረስቶ ተንበረከከና የቀኝ እጁን ጨርቅ ፈታ። መዳፉ ዳቦ አክሎ አብጧል፤ ከማሩ ሥር መግል ይታያል። ከእጅ አንጓው ተነስቶ ወደ ክርኑ የሚወጣ ቀይ መስመር አለ። ስለዚያ መስመር ሀብተ ማርያም አስተምሯል፤ መርዙ ወደ ላይ እየተጓዘ ነው፣ አንድ ሰዓት አታቆዩት ብሎ አስተምሯል።

«መቼ ነው?»

«አምስቷን ስቆርጥ።»

ሀብተ ማርያም ኪሱን ዳሰሰ። ጓንቶቹ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ የእሱ ኪስ ውስጥ ነው።

«ዛሬን ልቻለው፣ ሃምሳ አለቃ» አለ ያቤጽ። «ኮሎኔሏ ይሂዱ። ነገ እታመማለሁ።»

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሀብተ ማርያም አሰበበት። ኮሎኔሏ በሦስት ሰዓት ይመጣሉ፣ ምሳ ሳይደርስ ይሄዳሉ። ከአሁን ጀምሮ ሦስት ሰዓት መታገስ ነው፣ ቢበዛ አራት። አራት ሰዓት ምን አላት? እልፍነሽ ውሃ ትሰጠዋለች፣ ይጋደማል፣ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል። ይህን እያሰበ የያቤጽን ደህና እጅ ያዘ።

«አይዞህ» አለው።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሰማው። በዚያው ድምፅ፣ እንደዚያው ተቀምጦ፣ እንደዚያው እጅ ይዞ። የዲመካ መንገድ፣ የዘሩባቤል ፊት፣ ሁሉም ጓዳው ውስጥ ገባ። እጁን እንደ ፍም ለቀቀው።

«ተነሱ!» አለ። «አምቡላንሱን ግፉ! የሚችል ሁሉ ይግፋ!»

ኮሎኔል ጥሩብርሃን የተቀጠሩበትን ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ልክ በሦስት ሰዓት መኪናቸው በሩን ሲያልፍ ሻምበል ልዑል በኖራ በተቀቡት ድንጋዮች መሃል ሰላምታ ሰጥቶ ቆሟል፤ ከጀርባው ሰሌዳው 364 ይላል። ከመጋዘኑ በኩል ደግሞ ያቤጽ ቃሬዛ ላይ የተኛበት አምቡላንስ እየተገፋ ይመጣል። አንዱ እያነከሰ ይገፋል፣ አንዱ በአንድ እጁ፣ አንዱ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ። ከፊት አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሃምሳ አለቃ እየዘለለ «ግፋ! ግፋ!» ይላል። ከኋላ አንዲት ሴትዮ የማር ጣሳ ይዛ ትከተላለች።

ኮሎኔሏ ከመኪናቸው ወረዱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ሻምበል ልዑል ዞሮ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ምላሱ ግን ፈጣን ነው።

«ልምምድ ነው፣ ኮሎኔል! ለእርስዎ የተዘጋጀ የመጀመሪያ እርዳታ ትርዒት!»

«እንዴት ያለ ነው!» አሉ ኮሎኔሏ። «እውነት ይመስላል። በሉ ተጎጂውን አውርዱትና እዚህ ጥላው ሥር አሳዩኝ። ከመጀመሪያው፣ ቀስ ብላችሁ።»

ሻምበሉ ዓይኑን አፍጥጦ ሀብተ ማርያምን አየው። መንገዱ ተከፍቶለታል። አዎ ብሎ ያቤጽን ጥላ ሥር ቢያስተኛው፣ ፋሻውን በሥርዓት ቢጠቀልል፣ ግማሽ ሰዓት ቢያስረዳ፣ አምስቷ ትሰቀላለች። ያቤጽም ቃሬዛው ላይ ሆኖ «እሺ በሉ፣ ሃምሳ አለቃ፣ እተኛለሁ» እያለ ያንሾካሹካል። ገለባን ሁለት ጊዜ የገደለው ልጅ ገለባን ሊተካ ተዘጋጅቷል።

«ልምምድ አይደለም» አለ ሀብተ ማርያም። «ኮሎኔል፣ ልምምድ አይደለም። ልጁ እጁን ላሜራ ከቆረጠው አራት ቀኑ ነው፤ ቀይ መስመሩ ክርኑ ደርሷል። ያለ ጓንት ያሠራሁት እኔ ነኝ። እኔንም ዛሬ ጠዋት ጊንጥ ነድፎኛል፤ ጫማዬን ሳላራግፍ።» ማስረጃ ይሆናል ብሎ የክብሪት ቀፎውን አውጥቶ ዘረጋላቸው።

ኮሎኔሏ ቀፎውን ከፍተው አዩ። ዘጉት። ወደ ቃሬዛው ሄደው የያቤጽን ክንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከቱ።

«አምቡላንሱ ይነሳል?»

«እስካሁን አልተነሳም።»

«በእኔ መኪና አስገቡት። አሁኑኑ!» ሹፌራቸው ያቤጽን ይዞ አቧራውን አቡንኖ ሲወጣ ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ሌላ የተጎዳ አለ?»

መጀመሪያ ባለመነጽሩ እጁን አወጣ። ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ከግማሽ በላይ። እጁ የማይነሳለት አንድ ወታደር ጓደኛው አነሳለት።

ሀብተ ማርያም መሰላሉን ራሱ አምጥቶ በአንድ እግሩ ወጣ። ያለ መሰላል ያዥ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሦስቱን፣ ስድስቱን፣ አራቱን አወረደና አንዲት ዜሮ ሰቀለ። ሲወርድ እንባው መጣበት፤ ሰው የጊንጡ ሕመም መሰለው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሕክምና ክፍሉ በር ላይ እስከ ወጥ ቤቱ የሚደርስ ሰልፍ ተሠራ። ኮሎኔሏ እጅጌያቸውን ሰብስበው ያክማሉ፤ ሀብተ ማርያም እግሩ በረዶ ውስጥ ተነክሮ መዝገቡን ይሞላል። ፋሻው አለቀ። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ከጂንካ ሁለት ጊዜ መጣ። ሠላሳ አንደኛው ተጎጂ ላይ ቀና ሲል ፊቱ የቆመው ሻምበል ልዑል ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ኮሎኔሏ።

«ከግሬደር ወድቄ» አለ ሻምበሉ ጣሪያውን እያየ። «በመቀመጫዬ።»

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።»

ሀብተ ማርያም ምንም ሳይል ጻፈ። ከኋላ የነበሩት ግን ምንም ሳይሉ አልቀሩም።

ኮሎኔሏ ሊሄዱ ሲሉ ሀብተ ማርያምን ለብቻው ጠሩት። «ትምህርቱን አንተ አታገኘውም፤ ደንቡ ደንብ ነው» አሉት። «ባዶ መዝገብ አሳይተኸኝ ቢሆን ግን እኔ ራሴ በጥርጣሬ አስመረምርህ ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም አመልክት።» እሺ አለ። መጋዘኑ ጀርባ ሄዶ ማንም በማያይበት ደህና አድርጎ አለቀሰ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያስለቅሳል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያቤጽ ከሆስፒታል ወጥቶ በማለዳው ሰልፍ ላይ ደረሰ። ሐኪሞቹ አንድ ቀን ቢያድር እጁ ይቆረጥ ነበር ብለውታል። ሀብተ ማርያም ሰልፉን ትቶ ሄደና ቀኝ እጁን ያዘው፤ ገልብጦ አየው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። አምስት። አላመነም፤ እንደገና ቆጠረ።

«ሁሉም አሉ፣ ሃምሳ አለቃ» አለ ያቤጽ።

«አይቻለሁ።»

ያቤጽ ዝቅ ብሎ የሃምሳ አለቃውን እግር ተመለከተ።

«ጫማዎን ግን አራግፈዋል?»

ሰማንያ ሰው አንገቱን አስግጎ አየ። ሀብተ ማርያም መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሁለቱንም ጫማ ማሰሪያ ፈታ። ዘቀዘቃቸው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ደበደባቸው። ከቀኙ አንዲት ጠጠር ወደቀች።